ከቧንቧዎቹ ኋላ ያለው ታንክ

ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳዬን የምበላው ዮንግዶ ደሴት ላይ፣ ከመርከብ መጠገኛው ጀርባ ባለች አንዲት ሾርባ ቤት ነው። ቤቲቱ ያላት አምስት ጠረጴዛ ብቻ ስለሆነ ከሌላ ሰው ጋር ተዳብሎ መቀመጥ የተለመደ ነው። አምና በጥቅምት ዝናብ ይዞኝ ዘግየት ብዬ ብገባ፣ ክፍት ሆኖ የጠበቀኝ የአለቃ ፕዮ ጆንግጉ ጠረጴዛ ጫፍ ብቻ ነበር። አለቃ ፕዮ የቧንቧ ሠራተኞች አለቃ ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ አራት ነው፤ ሠላሳ ስምንቱን ዓመት ያሳለፉት በመርከብ ሆድ ውስጥ ነው። ታላቋን ልጃቸውን ስላስተማርኳት እንተዋወቃለን። ፊት ለፊታቸው የመጠገኛው የጽሕፈት ሠራተኛና ተርጓሚ ታክ ሄሪም ተቀምጣለች፤ የሟቹ ወዳጃቸው የታክ ልጅ ናት፤ ሥራውንም ያስገቧት እርሳቸው ናቸው። ሁለቱም ሾርባቸውን አልነኩትም።

«ሰማይ ነው የላከዎት መምህር፤» አሉኝ ገና ጃንጥላዬን ሳልዘጋ። «ይቺን ልጅ ይገሥጹልኝ።»

«ምን አጠፋች?»

«ፈርሚ ብላት አልፈርምም አለችኝ። አንዲት መስመር። ለአንዲት መስመር ፊርማ ሰው ይህን ያህል ይለመናል?»

«መስመሯ ትክክል ስላልሆነች ነው፤» አለች ሄሪም ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ።

«አያችሁ? አባቷን በትከሻዬ ተሸክሜ የቀበርኩት ሰውዬ ዛሬ ውሸታም ተባልኩ።»

«አለቃ፣ ውሸታም አላልኩዎትም። ተሳስተዋል ነው ያልኩት። ከጠዋት ጀምሮ አሥር ጊዜ ነግሬዎታለሁ።»

ነገሩን የሰማሁት ከሁለቱም አፍ እየነጠቅሁ ነው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ያቋርጣል፤ ሌላው ሲጀምር አንደኛው ጠረጴዛውን ይመታል። ተራ አስይዤ ሳስቀምጠው እንዲህ ነው። ከስምንት ቀን በፊት ለጥገና የገባች አንዲት የውጭ ጭነት መርከብ ነበረች። ሮዴል የሚባለው ፊሊፒናዊ መሐንዲሷ በሞተር ክፍሉ የሚሠራውን በእንግሊዝኛ ጽፎ ለአለቃ ፕዮ ሰጣቸው። ሥራው ባዶ የሆነውን ዕቃ ፈትቶ ማጠብ ነበር። አለቃ ፕዮ ወረቀቱን አነበቡና ከማጠራቀሚያው ታንክ ኋላ የሚያልፉትን ሁለት ቧንቧዎች ፍቱ ብለው አዘዙ። ማ ቺጎን የሚባል፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሯቸው የሠራ ሰው ብሎኑን ሲያላላ የፈላ ዘይት ወጣና ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ላጠው። ቧንቧው ባዶ አልነበረም።

አሁን በዘጠኝ ሰዓት የወደቡ መርማሪ ሁሉንም ጠርቷል። አለቃ ፕዮ «መሐንዲሱ ቧንቧዎቹ ባዶ ናቸው ብሎ ጽፎ አሳስቶናል» የሚል ቃል አስገብተዋል። ወረቀቱ እንዲያ እንደሚል የምትመሰክረው የመጠገኛው ተርጓሚ ሄሪም ናት። እርሷ ከፈረመች መሐንዲሱ ፈቃዱን ተነጥቆ አገሩ ይገባል።

«ወረቀቱን ያሳዩኝ፤» አልኩ።

አለቃ ፕዮ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ዘረጉት። ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያዋ መስመር «ዘ ታንክ ቢሃይንድ ዘ ቱ ፓይፕስ ኢዝ ኢምፕቲ» ትላለች።

«ይኸው፤» አሉ በመብያ ዘንጋቸው ጫፍ ቃል በቃል እየነኩ። «ታንክ ያው ታንክ ነው። ቢሃይንድ ኋላ ነው። ቱ ፓይፕስ ሁለት ቧንቧ። ኢምፕቲ ባዶ። ታንክ፣ ኋላ፣ ሁለት ቧንቧ፣ ባዶ። ከታንኩ ኋላ ያሉት ሁለት ቧንቧዎች ባዶ ናቸው። እዚህ ውስጥ የማላውቀው ቃል አለ? የለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ሳነብ አንድም ሰው አልተነካብኝም።»

እውነት ለመናገር፣ የገዛ ቋንቋችንን ሰዋስው ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩት እኔ እንኳ ለአፍታ ልክ መስሎኝ ነበር። እኛ እኮ አስቀድመን ታንክ እንላለን፣ ቀጥለን ኋላ እንላለን፣ ከዚያ ቧንቧ። ሰውዬው የባዕድ ቃላትን በእኛ ቅደም ተከተል ሰክተው ነው ያነበቡት።

ሄሪም ትንፋሿን በረጅሙ አወጣች። «አለቃ፣ ቃላቱን በሙሉ ያውቋቸዋል። የማያውቁት ማን ማንን እንደያዘ ነው። ቢሃይንድ መስተዋድድ ነው። በእኛ ቋንቋ ስሙ ይቀድማል፣ ኋላ የሚለው ይከተላል። በእነሱ ቋንቋ ተገላቢጦሽ ነው፤ መስተዋድዱ ይቀድምና ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ይይዛል። ስለዚህ ቢሃይንድ የያዘው ታንኩን አይደለም፣ ቧንቧዎቹን ነው። ከቧንቧዎቹ ኋላ ማለት ነው። ይህ አንድ ሐረግ ነው። ሐረጉ ታንኩ የት እንዳለ ይነግረናል እንጂ ስለ ቧንቧዎቹ አያወራም። ባዶ የተባለው ታንኩ ነው።»

«ባዶ ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ማነው?»

«ቧንቧዎቹ።»

«ታንኩስ?»

«ራቅ ብሎ።»

«እና አጠገቡ ያለው ተትቶ ማዶ ያለው ባዶ ይባላል? ምን ዓይነት ቋንቋ ነው ይሄ?»

«አጠገብ መሆን ባለቤት አያደርግም አለቃ። አሁን ከእርስዎ አጠገብ የተቀመጡት መምህሩ ናቸው፤ የሚቀዘቅዘው ሾርባ ግን የእርስዎ ነው።»

የሾርባ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ ከምድጃው ዘንድ ሆና ሳቀች። አለቃ ፕዮ አልሳቁም። የእኔም ሾርባ መጥቶ ነበር፤ ማንኪያ ባነሣሁ ቁጥር ግን «ይንገሯት እንጂ» ይሉኛል፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

«እሺ፤» አሉ፣ ይሸነፋሉ ብዬ ተስፋ ሳደርግ። «እነዚህ መስተዋድድ የምትያቸው ስንት ናቸው?»

«ብዙ ናቸው። ኢን፣ ኦን፣ አንደር፣ ፍሮም፣ ቱ፣ ዊዝ፣ ኦፍ...»

«ቱ?»

«አዎ፣ ቱ።»

«ቱ ሁለት አይደለም እንዴ? ቱ ፓይፕስ።»

«ያ ሌላ ቱ ነው። አጻጻፉ ይለያል።»

«ሌላ ቱ፤» አሉ ወደ እኔ ዞር ብለው። «ይስሙልኝ መምህር። ሌላ ቱ አለ።» ወረቀቱን ሳብ አደረጉና ሦስተኛዋን መስመር አወጡ፤ ክዳኑን ለማጽዳት ወደ መርከቡ ወለል አውጡት የምትለዋን። «እዚህ ቱ ዘ ዴክ ይላል። መስተዋድድ ነው?»

«ነው።»

«ሁለት ቃል አለፍ ስትዪ ደግሞ ቱ ክሊን ይላል። ይሄስ?»

«ይሄ አይደለም።»

«አጻጻፉ ይለያል?»

«አይለይም።»

አለቃ ፕዮ ዘንጋቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «እንግዲህ በቃ። አንድ ጊዜ ነው፣ አንድ ጊዜ አይደለም። ራሷም አታውቀውም እኮ።»

የሄሪም ጆሮ ሲቀላ አየሁ። ተነሥታ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ግን ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«የሚለየው በያዘው ነገር ነው። ከቱ በኋላ የመጣው ስም ከሆነ፣ ማለትም እንደ ዴክ ያለ ዕቃ ወይ ቦታ ወይ ሰው ከሆነ፣ መስተዋድዳዊ ሐረግ ነው። የመጣው ድርጊት ከሆነ፣ እንደ ማጽዳት ያለ፣ ሐረጉ ሌላ ዓይነት ነው። መስተዋድድ ብቻውን አይቆምም፤ አንድ ስም መያዝ አለበት። ሲያዩት ‹ማንን ያዝክ› ብለው ይጠይቁት። ምንን፣ ማንን ብለው ጠይቀው ስም ካገኙ ሐረጉ እዚያ ላይ አለቀ።»

«ምንን፣ ማንን» ብለው አጉረመረሙ። «ቃሉን ለማሠር መርማሪ ልሁን እንግዲህ።»

«መርማሪውስ በዘጠኝ ሰዓት ይጠብቅዎታል።»

እዚህ ላይ እኔም ትዕግሥቴ አለቀ። እልኸኛ ተማሪ አይቼ አውቃለሁ፤ የማይገባውም አይቼ አውቃለሁ። እኚህ ሰውዬ ግን እየገባቸው ነበር። በገባቸው መጠን ይብስባቸው ነበር። ሁለተኛዋን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው፤ «ዘ ቫልቭ አንደር ዘ ላደር ሊክስ» ትላለች።

«ይቺን ምን ብለው አነበቧት?»

«ከመሰላሉ ሥር ያለው ቫልቭ ያፈሳል። ልክ ነው፤ ያንለታ ቀይሬዋለሁ።»

«እንደ መጀመሪያዋ መስመር ያንብቧት እስቲ። በዘንግዎ።»

«ቫልቭ። ሥር። መሰላል። ያፈሳል።» ትንሽ ቆም አሉ። «ከቫልቩ ሥር ያለው... መሰላል ያፈሳል።»

«ለምን መሰላሉን አልቀየሩም?»

«መሰላል ያፈሳል እንዴ መምህር?»

«አያፈስም። ስለዚህ ያንለታ ያነበቡት ወረቀቱን አልነበረም፤ መሰላሉን ነው ያነበቡት። ዕቃውን ስለሚያውቁት ቃላቱን እንደሚሆን አድርገው ገጣጠሟቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያተረፈዎት የእጅ ሙያዎ ነው። የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ግን ሙያዎ ሊረዳዎት አልቻለም፤ ታንክም ባዶ ይሆናል፣ ቧንቧም ባዶ ይሆናል። እዚያ ማንበብ ብቻ ነበር የሚያዋጣው።»

ሄሪም ወረቀቱን ወደ አለቃ ፕዮ አዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከቢሃይንድ እስከ ፓይፕስ በአውራ ጣትዎ ይሸፍኑት አለቃ፤» አለች። «ሐረጉን ሲሸፍኑት የዓረፍተ ነገሩ አጥንት ይቀራል።»

አውራ ጣታቸው ሰፊ ነው፤ አራቱን ቃላት አንድ ላይ ሸፈናቸው። ከግራና ከቀኝ የቀረውን እየተንተባተቡ አነበቡ። ዘ ታንክ ኢዝ ኢምፕቲ። ታንኩ ባዶ ነው።

«ኢዝ ደግሞ ለአንድ ነገር ነው፤» አለች ሄሪም። «ቧንቧዎቹ ሁለት ናቸው። ስለ እነሱ ቢሆን አር ይል ነበር።»

«በቃሽ፤» አሉ። «ገብቶኛል።»

ጣታቸውን አላነሡም። ሴትዮዋ የጎመን ማባያውን ኪምቺ ጨምራ አስቀምጣ ሄደች። ለማንም ሳይሆን፣ «ቧንቧ ከመፍታቴ በፊት ውስጡ የቀረ ዘይት እንዳለ ለማየት ሁልጊዜ ማስተንፈሻውን እከፍታለሁ። ያንለታ አልከፈትኩም። ባዶ ነው ተብሏል ብዬ፤» አሉ። ቀጥለውም፣ «እንግዲያውስ የቺጎንን እጅ ያቃጠልኩት እኔ ነኛ፤» አሉ።

ያን ሁሉ ክርክር ከሰዋስው ጋር ያደረጉት መስሎን ነበር፤ ለካ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው ላለማውጣት ነው ስምንት ቀን የታገሉት። መስተዋድዱ ቧንቧዎቹን ከያዘ ጥፋቱ እርሳቸውን ያዘ ማለት ነው።

ዝናቡ ሳያባራ ሦስታችንም ወደ መርማሪው ክፍል ሄድን። እኔን ማንም አልጠራኝም፤ ቢሆንም «ይምጡ፣ መሀል መንገድ ላይ ሐሳቤን ብቀይር ይመልሱኛል» ስላሉኝ ተከተልኳቸው። ሮዴል ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው። አለቃ ፕዮ ሳያዩት ገቡ። መርማሪው የተጻፈውን ቃላቸውን ሊያነብላቸው ሲጀምር እጃቸውን አነሡ።

«አይድከሙ ጌታዬ። ስሕተት ነው። ወረቀቱ ታንኩ ባዶ ነው ይላል። እኔ ቧንቧዎቹ ብዬ አነበብኩ። ለመሐንዲሱ ያለ ስሙ ስም ሰጥቼዋለሁ።»

«ቃልዎን ይለውጣሉ?»

«እለውጣለሁ። ሲጽፉት ደግሞ ማስተንፈሻውን አልከፈተም ብለው ይጨምሩ።»

ስንወጣ ሄሪም ይህን ለሮዴል ተረጎመችለት። ከዚያ እሱ የተናገረውን ለእኛ መለሰችው። «እኔም ጽፌ ሰጠሁ እንጂ ወርጄ በእጄ አላሳየኋቸውም፤ ከዛሬ ጀምሮ ባዶ በሆነው ዕቃ ላይ ምልክት አስራለሁ ይላል።» አለቃ ፕዮ አንገታቸውን እስከ ወገባቸው ደፍተው ይቅርታ ጠየቁት። እንዲያ ሲጎነበሱ አይቻቸው አላውቅም።

ሆስፒታሉ ከዚያ በአውቶቡስ ሦስት ፌርማታ ነው። ቺጎን እጁ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ትራስ ላይ አስቀምጦት፣ በግራ እጁ መንደሪን ለመላጥ ይታገል ነበር። አለቃ ፕዮ መንደሪኑን ተቀብለው እየላጡ ነገሩን አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት።

«ማንበብ አትችልም ነበር ማለት ነው?» አለ ቺጎን።

«ቃላቱን እችላለሁ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

«አልችልም ነበር።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀቱን አየት አድርገህ ‹ፍቱ› ስትል፣ የሚችል ሰው አለን ብዬ ነበር። እኔ ሳልማር የቀረሁት አንተን ተማምኜ ነው።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። መንደሪኑን ከእጃቸው ወሰደና፣ «ከእንግዲህ እኔም አነባለሁ። ካንተ በኋላ ሳይሆን አብረን፤» አለ።

ይህን ካየሁ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። አለቃ ፕዮ ከሥራቸው ለሦስት ወር ታግደው ተመለሱ። በታገዱበት ጊዜ ከሄሪም ዘንድ የቆዩ የሥራ ወረቀቶችን ወስደው በእርሳስ ሞሏቸው፤ እያንዳንዱ መስተዋድድ ከያዘው ስም ጋር በቅንፍ ገብቷል። ሄሪም ስሕተት ስታገኝባቸው ሾርባ ቤቷ እስክትናወጥ ድረስ ይጨቃጨቃሉ። ኦፍ የሚለውን ቃል ለመቀበል ሁለት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል፤ ዘ ኪ ኦፍ ዘ ፓምፕስ ጠፍቷል ሲባል የጠፋው ቁልፉ እንጂ ፓምፖቹ አለመሆናቸውን ያመኑት ቁልፉን ፈልገው ሲያገኙት ነው። እኔም ማክሰኞ ሾርባዬን ሙቅ እያለ ከበላሁ ቆይቻለሁ።

አሁን መጠገኛው ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ይነበባል። አሥራ አንዱም ሠራተኞች ከበው ይቆማሉ። አንዱ መስተዋድዱን ይጠራል፣ ሌላው «ምንን» ይላል፣ ሦስተኛው ስሙን ይመልሳል፤ በቅንፍ ያልገባው ሲቀር የሥራው አጥንት ይታያል። ሩብ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ የሰዓት ብክነት ነው ብሎ ያጉረመረመውን የመጠገኛውን ባለቤት፣ አሁን ራሱ መስማት ስለሚፈልግ፣ ዘግይቶ ከመጣ ይጠብቁታል። መፈታት የሌለበትን መፍታት፣ መቆረጥ የሌለበትን መቁረጥ ቀርቷል። አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራትም ቀርቷል። ሠራተኞቹ መሐንዲሶቹን በእጅ ምልክት ከመለማመጥ ወጥተው እንደ እኩያ ይጠይቋቸዋል፤ እነዚያም ያከብሯቸዋል። የቺጎን ሦስት ጣቶች አሁንም በደንብ አይታጠፉም፤ ቅንፉን የሚያሰምረው በግራ እጁ ነው፤ ከሁሉም ፈጣኑ ግን እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከአንዲት ሌላ መርከብ የመጣ ወረቀት ክፈቱ የሚለውን የወለል መዝጊያ «ዘ ሃች ኒር ዘ ክሬን ዊዝ ሬድ ፔይንት» ይለዋል፤ ክሬን አጠገብ ያለው መዝጊያ፣ ከቀይ ቀለም ጋር። አለቃ ፕዮ ሁለቱን ሐረጎች ለየብቻ በቅንፍ አስገቡና ፊታቸው ተቋጠረ። ቀዩ ቀለም የክሬኑ ነው ወይስ የመዝጊያው? ሐረጉ በሁለቱም ላይ ሊንጠለጠል ይችል ነበር። ሄሪምን ጠሯት፤ እርሷም አልቆረጠላትም።

«አንቺም አታውቂውም?»

«ጸሐፊው ነው የሚያውቀው አለቃ። እንዲህ ሲሆን ይጠየቃል።»

ወረቀቱን ሳይፈርሙ መለሱት። ከሰዓት በኋላ ከመርከቧ ታርሞ መጣ፤ ቀዩ መዝጊያው ነበር። ቀይ የተቀባ ክሬን አጠገብ ደግሞ ሌላ፣ ሰማያዊ መዝጊያ ነበረ፤ ያን ቢከፍቱት ኖሮ ከሥሩ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች አደጋ ላይ ይወድቁ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ይህን ሲነግሩኝ ደስ ብሏቸው አልነበረም፤ ተናደው ነበር።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «ትምህርት ቤት እያለሁ ሁለት ሺህ ቃል በቃሌ አስያዙኝ። ስሳሳት በዱላ መቱኝ። ማን ማንን እንደያዘ ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። ለምን?»

እኔም በዘመኔ ተማሪዎቼን ቃል ሳስቆጥር ኖሬአለሁ። ቃል ማወቅ ማንበብ የሚመስለን ሰዎች ብዙዎች ነን፤ አንዳንዶቻችን በሌላው እጅ ላይ ነው ስሕተታችንን የምናየው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ልጃችሁ የባዕድ ቋንቋ ሲያነብ ስንት ቃል እንደሚያውቅ አትጠይቁት። ትንሿን ቃል አሳዩትና ማንን እንደያዘች ጠይቁት። ካልመለሰ አብራችሁት ተቀመጡ።

«አላውቅም አለቃ፤» አልኳቸው።

«እንግዲያው ይጻፉት፤» አሉና ሾርባቸውን መብላት ጀመሩ።